ጠጠሩን ማን አጠበው

ጥቅምት 3

ለዓሦች እመቤት፣ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ እስካለሽበት ሐይቅ ዳር ይድረስሽ።

የእኔን ጤና ጠይቀሻል፤ ደህና ነኝ። የፓምፑን ጤና ጠይቀሻል፤ ከእኔ ይሻላል። የዓሦቹን ጤና በአንድ ገጽ ላይ ሦስቴ ጠይቀሻል፤ ይዋኛሉ፣ ይበላሉ፣ የበሉትንም አንቺ እንደምትወጂው አድርገው ወደ ውኃው ይመልሳሉ። የእናትሽን ጤና ግን አልጠየቅሽም። «ቤቱ እንዴት ነው?» ነው ያልሽው። ቤቱ ደህና ነው። ግድግዳው አያስለውም፤ ጣሪያውም ትኩሳት የለውም። ስለ በሩና ስለ መስኮቱ ማወቅ ከፈለግሽ ደግሞ በሚቀጥለው እገልጽልሻለሁ።

እዚያ ስልክ የሚሠራው ኮረብታው ላይ ሲወጡ ብቻ መሆኑ እኔን አልከፋኝም። በስልክ ስዋሽ ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ ወረቀት ግን ፊቱን አይቀያይርም። ደብዳቤሽን ያመጣልኝ ያ እየነዳም እየበላም የሚያፏጨው የአውቶቡስ ሹፌር ነው። «ፉጨት» ብዬ ስም አውጥቼለታለሁ። አልተቀየመም፤ አፏጨ።

የተረከብከው ነገር ገብቶህ እንደሆነ በራስህ ቃል ጻፍልኝ ብለሻል። ባንክ ቤቱን ብትለቂውም ባንክ ቤቱ አንቺን አልለቀቀሽም። ይሁን፤ ልፈተን። ትልቁ ታንከር ውስጥ ቆሮሶ ዓሦቹ አሉ። ይበላሉ፣ ውኃውን ያቆሽሻሉ። ፓምፑ የቆሸሸውን ውኃ ጠጠር ወደሞሉት ገንዳዎች ይገፋዋል። ጠጠሩ ላይ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ተጣብቀው ይኖራሉ፤ የዓሦቹን ቆሻሻ ተቀብለው ለሰላጣውና ለቆስጣው ምግብ ያደርጉታል። አትክልቱ የድርሻውን ይወስዳል፤ ውኃው ጠርቶ ወደ ዓሦቹ ይወርዳል። አፈር የለም፣ ማዳበሪያ የለም። በዚህ ቤት ያለ ጭቅጭቅ የሚሠሩት እነዚያ የማይታዩት ብቻ ናቸው። ስትሄጂ «ጋሼ፣ ሌላውን ሁሉ ብትረሳ ጠጠሩን አትንካ» ብለሽኝ ነበር። አልነካሁም። ሥራን አለመንካት ሳልማር የተሰጠኝ ጥበብ ነው።

አንድ ነገር ግን ጨምሬያለሁ። ውኃው ድንገት ቢቆም እንዳውቅ ፓምፑን ከአሮጌ የበር ደወል ጋር አገናኘሁት። ፓምፑ ሲቆም ደወሉ ይጮኻል። እኔ ራሴ ሬዲዮ ጠጋኝ አይደለሁም? እናትሽ ግን ደወሉ በጮኸ ቁጥር ነጠላዋን አስተካክላ «ማነው?» እያለች ወደ በር ትሄዳለች። ሁለት ቀን ሳልነግራት አሳለፍኩ። ከዚያ ደረሰችበትና መጥረጊያውን አነሳች።

በመጨረሻ፣ በጎን የጠየቅሽውን በፊት ለፊት ልመልስ። አይ፣ አልረሳችውም። እሷም «ባንክ ቤቱን የተውሽው ለዓሣ ቆሻሻ ነው?» ማለት አልነበረባትም፤ አንቺም «ዕድሜሽን ሙሉ የሆስፒታል ወለል አጥበሽ አንቺስ ምን አገኘሽ?» ማለት አልነበረብሽም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያን ቀን በር ላይ በመካከላችሁ ሻንጣሽን ይዤ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ ክብደቱን አውቀዋለሁ፤ የሻንጣውን ማለቴ አይደለም።

የውኃው ሹም፣
አጎትሽ

*

ጥቅምት 11

ጋሼዬ፤

ፈተናውን አልፈሃል። የደወሉ ነገር ግን መቀጫ አለው። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው በሯ ላይ እየተመላለሰ የሚቀልድባት መስሏት ይሆናል።

እዚህ ሥራው ደስ ይላል። የዓሣ ጫጩት እናፈለፍላለን፤ ከጥፍር የሚያንሱ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ። አለቃችን ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ባለፈው ሳምንት ግን ተናገረ። በቋሚነት እንድቀጠር ይፈልጋል። ውሉ ለዓመታት የሚያስር ነው፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ መልስ ስጪኝ ብሎኛል። ከፈረምኩ የግቢው ገንዳ ለማን ይሆናል? አንተ እንደሆንክ ሬዲዮ ትተክልበታለህ።

እውነቱን ልንገርህ። ቤት የሚፈልገኝ ካለ እመለሳለሁ። ከሌለ እፈርማለሁ። ይህን ለማንም አትንገር። «ለማንም» ስል ለማን እንደሆነ ታውቃለህ።

ለምን ራስሽ አትጽፊላትም ብትለኝ፦ ጀምሬ ነበር። «ይድረስ ለእማዬ» ካልኩ በኋላ ያለው አይመጣልኝም። ያልኩት ነገር ቀላል አይደለም፤ በዚያች ወለል ነው ያሳደገችኝ። ሳትከፍተው ብትመልሰውስ? ስለዚህ ለአንተ እጽፋለሁ፤ አንተ ደብዳቤዬን መልሰህ አትልክብኝም።

ምናልባት በወሩ መጨረሻ እሑድ መጥቼ እመለስ ይሆናል። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ፈቃድ ካገኘሁ ነው። ይህንንም አትንገር። መጥቼ ፊቷን ሳይ የሚሆነውን እናያለን።

ሰላጣውን ጫፍ ጫፉን ቁረጥ፣ ሥሩን አትንቀል። ለዓሦቹ የምትሰጠውን አትጨምር፤ ሲለምኑ እውነት ይመስላሉ።

ሁሌም የምታበሳጭህ

*

ጥቅምት 19

ለተጠራጣሪዋ፤

ምሥጢርሽን ጠብቄያለሁ። የውሉን ማለቴ ነው። ስለ ሌላው ኋላ እደርስበታለሁ፤ መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽ።

እናትሽ ያንቺን ዓሦች ትጠላለች ብለሽ ታስቢያለሽ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ከአልጋዬ ሳልነሳ ከግቢ ድምፅ ሰማሁ። ሰው እየተቆጣ ነው። በመስኮት ባይ፣ እናትሽ በታንከሩ ላይ አጎንብሳ «አንቺ ደግሞ ትንሿን ለምን ትገፊያታለሽ? ሁሉም እኮ ይደርሰዋል!» ትላለች። እጇ ላይ የሰላጣ ቅጠል ይዛለች። እየበጣጠሰች ትሰጣቸዋለች።

ወጣሁና «እትዬ፣ ከማን ጋር ነው?» አልኳት።

«ከማንም ጋር። ታንከሩ ስንጥቅ እንዳለው እያየሁ ነው።»

«ስንጥቁ ሰላጣ ይበላል?»

«አንተ ሰውዬ፣ ፊትህን ታጠብ» አለችኝ፤ ይህ መልስ ሲያጣት የምትለው ነው።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ስንጥቅ ትፈልጋለች። ትልቋን ዓሣ «ሜትሮን» ብላታለች፤ ወደላይ ወደታች እያለች ሌሎቹን ስለምትገላምጥ የሆስፒታሏን የነርሶች አለቃ አስታውሳት ነው። ቆስጣውንም እየቆረጠች ለጎረቤት ትሰጣለች። ጎረቤት ሲያመሰግናት «ያቺ ናት የተከለችው» ትላለች። ስምሽን አትጠራም፤ ሲመሰገን ግን ለራሷ አታስቀረውም።

እንግዲህ አሁን ወደዚያኛው ነገር። ስለ መምጣትሽ አልነገርኳትም። ብቻ ምሳ ላይ «በወሩ መጨረሻ እሑድ እንግዳ ሊኖረን ይችላል» አልኩ። «ማን?» አለች። እኔም ዝም አልኩ። በሕይወቴ ዝም ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ስለነበር ወዲያው ገባት። ሹካዋን አስቀመጠች። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ያ ጠጠር ታጥቦ ያውቃል?»

«የለም» አልኳት።

«ሰው ሲመጣ እንደዚያ ሆኖ ነው የሚታየው? ልጋግ ለብሶ፣ ልምጭልምጭ ብሎ?»

ሳቅኩ። ምን ላድርግ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ያስጨነቃት ጠጠር አለመሆኑን ለማወቅ ሬዲዮ ጠጋኝ መሆን አያስፈልግም።

እሑድን የሚጠብቅ፣
አጎትሽ

*

ጥቅምት 30

የእህቴ ልጅ፤

እሑድ ፈቃድ ተከልክለሽ መቅረትሽን ፉጨት ነግሮኛል፤ አትዘኚ። ሥራ ነው። እንዲያውም አንዳንዴ መቅረት መልካም ነው።

የአየሩ ሁኔታ ደህና ነው። ፉጨት አዲስ ጎማ ገዛ። የጎረቤት ድመት ወለደች። ሰላጣው ትንሽ ቢጫ ቢጫ ብሏል፤ ቢጫም ቀለም ነው።

ዓሦቹን በተመለከተ በአጠቃላይ ሲታይ ደህና ናቸው ማለት ይቻላል። ከአጠቃላዩ ውጪ የሆኑ አሉ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለማወቅ ያህል ነው፣ ራስን ለማስተማር። አንድ ሰው፣ እንበልና ንጹሕ ነገር የሚወድ ሰው፣ ጠጠሩን ከገንዳው አውጥቶ በበረኪና አጥቦ፣ እንደገና አለቅልቆ ቢመልሰው፣ ከዚያ ውኃው በላዩ ላይ ሲያልፍ ዓሦቹ አፋቸውን ወደላይ አድርገው አየር እየጎረሱ ቢንሳፈፉ፣ ሰውዬው ምን ማድረግ ነበረበት? እኔ ከሆንኩ ብዬ ነው። ሰውዬው እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያጠብኩት፤ ልምጭልምጩ አስጠላኝ።

የዘረጋሁት ደወል አልጮኸም። ውኃ ሲቆም ይጮኻል እንጂ ውኃ ሲመረዝ አይጮኽም። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ለካ ዓሣንም ነው።

የተረፉትን ወደ መታጠቢያ ቤት ወስደናቸዋል። ወስጃቸዋለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ገላውን የሚታጠብ ሰው የለም፤ ገንዳው ተይዟል።

አትቆጪ። ብትቆጪም በእኔ ላይ ብቻ ይሁን።

አጎትሽ

*

ኅዳር 4

ጋሼ፤

መጀመሪያ ለተረፉት። ምንም አታብላቸው። ከቧንቧ የወጣ ውኃ በቀጥታ አትጨምርባቸው፤ በበርሜል ሞልተህ ክዳኑን ከፍተህ ፀሐይ ላይ አውለህ አሳድረው፣ የውኃ ማከሚያው መድኃኒት ከላዩ ይሂድ። በኩባያ እየቀዳህ ከላይ መልሰህ አፍስስባቸው፣ አየር ይግባበት። ጠጠሩን ደጋግመህ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀህ ተወው። የማይታዩት ሠራተኞቹ ሞተዋል፤ ባዶ ድንጋይ ነው።

አሁን ወደ አንተ። አንተ ጠጠር አጠብክ? የራስህን ኩባያ አጥበህ የማታውቅ ሰው? ሻይህን የምትጠጣበት ብርጭቆ ከውስጥ ቡናማ፣ ከውጭ ቡናማ ነው። ልምጭልምጭ አስጠላኝ ስትል ሳነብ ከጓደኞቼ ፊት ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ ሳቄ ቆመ።

እሷ ናት። በረኪና በዚያ ቤት የማን እጅ ላይ እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን።

ለምን እንዳደረገችውም ገብቶኛል። እመጣለሁ ስለተባለ፣ ስመጣ የሚጠብቀኝ ነገር እንዳይኖር ነው። በር ላይ የነገርኳትን እየመለሰችልኝ ነው፤ «ማጠብ ምን እንደሚያደርግ እይ» እያለችኝ። ይገባኛል። የሚገባኝን ነው ያገኘሁት። ግን ዓሦቹ ምን አደረጉ ጋሼ? እነሱ ምንም አልተናገሯትም።

ሰኞ አለቃዬን አነጋግረዋለሁ። ልፈርም ነው። አንተን ግን መውደዴን አልተውኩም፤ ለእሷ ብለህ መዋሸትህንም ወድጄዋለሁ። ብቻ ውሸት አትችልበትም።

የእህትህ ልጅ

*

ኅዳር 7

ለውድ የእህቴ ልጅ፤

ቀኝ እጄ ላይ ትልቅ ሬዲዮ ወድቆ ክፉኛ ስለተጎዳሁ (ምንም አልሆነም፤ አሁን በዚያው እጁ ራሱን ሲያክ ነበር) ይህን ደብዳቤ እኔ እናገራለሁ፣ እናትሽ ትጽፋለች። የእሷ እጅ ጽሕፈት ከእኔ ያምራል (እውነት ነው)።

እንደነገርሽኝ ውኃውን ፀሐይ ላይ አውለን አሳድረነዋል (እኔ ነኝ ያሳደርኩት፤ እሱ በርሜሉን አሳየኝ)። ዓሦቹ አየር እንዲያገኙ በኩባያ እየቀዳሁ አፈሳለሁ (ሁለቴ አፍስሶ ወገቤን አለ)። መታጠቢያ ቤት ስገባ ያዩኛል፤ ከእነሱ ፊት ልብሴን ማውለቅ አቅቶኝ ገላዬን የምታጠበው ጎረቤት ሄጄ ነው (ይህን ለምን ትጽፊያለሽ ብሎ እየሳቀ ነው፤ ራሱ ጻፊ ብሎኝ)።

አሁን ዋናው ነገር። ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። ከዚያ መነጽሬ ጠፋና (አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል) እናትሽ ባለችበት ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስለ ውሉ ያለውንም። ለምን አጠበችው ብለሽ የጻፍሽውንም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ።

(አነበበልኝ።)

ምሥጢር አትንገር ብለሽኝ ነበር። ለዚህ ይቅርታ አልጠይቅም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ዘንዶው ውኃ ውስጥ ተኝቶ ከሚያስጨንቀን ይውጣና እንየው ባይ ነኝ። ይህን ጻፊ እትዬ። ጽፈሻል? ጥሩ። ቀጥሎ የምለው ነገር አለኝ፤ ብቻ ፓምፑ ድምፁ ተለወጠብኝ፣ ሄጄ ልየው።

(ፓምፑ አልተለወጠም። ተነሥቶ ወጣ። በሩንም ዘጋው።)

ብዕሩን ላስቀምጥ ነበር። ወረቀቱ ግማሹ ባዶ ነው፤ ወረቀት ማባከን ደግሞ አልወድም።

ጠጠሩን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አጎትሽ ሊሸፍነኝ ፈልጎ ነው። ትመጣለች ሲለኝ ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ምን እንደምልሽ አላውቅም ነበር። ግቢ ወጥቼ ገንዳውን አየሁት፤ ጠጠሩ ቡናማ ልጋግ ለብሷል። ልጄ ይህን ያህል የለፋችበት ነገር፣ ትታልን ሄዳ ስትመለስ እንዲህ ሆኖ ታየዋለች አልኩ። ሥራሽን የናቅኩት እንዳይመስልሽ ፈራሁ። በባልዲ እያወጣሁ በእጄ አጠብኩት። እያንዳንዷን ማለቴ ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍሉን እንደማጥበው አድርጌ። ስጨርስ ነጭ ሆኖ ነበር። ደስ ብሎኝ አጎትሽን ጠርቼ አሳየሁት። ፊቱ ሲለወጥ ነው አንድ ነገር እንዳጠፋሁ የገባኝ።

ከንዴት አልነበረም። ይህን እመኚኝ።

በር ላይ «ምን አገኘሽ?» ብለሽኝ ነበር። ሳልመልስልሽ ሄድሽ። መልስ ነበረኝ። እኔ ባጠብኩት ክፍል ተኝቶ ቁስሉ ያመረቀዘ ሰው የለም። ሐኪሞቹ የራሳቸው ሰው ሲታመም «የትኛዋ ናት ያጠበችው?» ብለው ጠይቀው ነው የሚያስተኙት። ያገኘሁት ይህ ነው። ማንም አይቶት አያውቅም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። አሁን በዚያው እጄ ዓሦችሽን ገደልኩ። ቆሻሻ ሁሉ የሚገድል ነበር የሚመስለኝ፤ የሚያኖር እንዳለ አላወቅኩም። ባውቅ ኖሮ አልነካውም ነበር። ደግሞ አልጠየቅኩሽም። ገንዳውን ስትሠሪ ያን ሁሉ ጊዜ አጠገብሽ እያለፍኩ አንድ ቀን «ይህ ምንድን ነው?» ብዬሽ አላውቅም። እሱ የእኔ ጥፋት ነው።

የተረፉት ደህና ናቸው። ሜትሮን አለች፤ ትገላምጠኛለች።

ልፈርም ነው ብለሻል። ሥራው የሚሻልሽ ከሆነ ፈርሚ፤ ልጅ ዳር ድረስ አብሮ አይኖርም። ነገር ግን እናቴ አትፈልገኝም ብለሽ እንዳትፈርሚ። እሱ ውሸት ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ጠጠሩ እንደገና የሚቆሽሸው እንዴት ነው?

እናትሽ

*

ኅዳር 14

ጋሼ፤

እጅህ እንዴት ነው? ሬዲዮው አልተሰበረም?

ደብዳቤው ሲደርሰኝ ፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት የማን እንደሆነ አይቼ ወዲያው አልከፈትኩትም። ኪሴ አድርጌ እስከ ሐይቁ ጫፍ ሄድኩ። ከዚያ ከፈትኩት። በቅንፍ ያለውን ሳነብ ስስቅ ቆየሁ። በሩን ዘጋው የምትለው ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም። መሬቱ እርጥብ ነበር፤ ስነሣ ነው ያወቅኩት።

አንተ ተንኮለኛ ነህ። ሳይህ መጀመሪያ እቆጣሃለሁ፣ ከዚያ እስምሃለሁ። ቅደም ተከተሉን አትቀይርብኝ።

ፉጨት የሚሰጥህን ጆንያ ተጠንቅቀህ ተቀበለው። ውስጡ ጠጠር ነው፤ ከእኛ የማጣሪያ ገንዳ የወጣ፣ እርጥብ፣ ቡናማ፣ የሚሸት። ሠራተኞቹ በሕይወት አሉበት። ሳይደርቅ ዛሬውኑ እማዬ ካጠበችው ጠጠር ጋር ይደባለቅ። እነዚህ ወደዚያኛው እየተሻገሩ ይባዛሉ፤ ጊዜ ይፈልጋል፣ ግን ይሆናል። የእማዬን ጥያቄ ለአለቃዬ አንብቤለት ነበር። ያ ብዙ የማይናገር ሰው ሳቀ፤ ከዚያ አካፋ አንሥቶ ጆንያውን ራሱ ሞላልኝ። «ይህን የጠየቀች ሴት ዓሣ ማርባት ትችላለች» አለ።

የታንከሩ ውኃ እስኪስተካከል ከዓሦቹ ጥቂቱን ብቻ ትመልስ፤ ሲለምዱት ሌሎቹን። እንዴት እንደምታውቅ ለእሷ ጽፌላታለሁ።

ከዚህ ጋር ያለው የታሸገ ፖስታ የእሷ ነው። አትክፈተው። በእንፋሎትም አትክፈተው። መብራት ላይ ይዘህም አትየው፤ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አጥፌዋለሁ፣ አይታይህም።

ስለ ውሉ የወሰንኩትን እዚያው ውስጥ ጽፌያለሁ። አንተ ከእሷ ጠይቅ። ምሥጢር ስትጠብቅ ስላየሁህ ነው።

የምትወድህና የማታምንህ

*

ታኅሣሥ 9

ለከሃዲዋ የእህቴ ልጅ፤

ይህን የምጽፈው ለክስ ነው። ፉጨት ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር እጄን እዘረጋለሁ፤ እሱ ግን በጎኔ አልፎ «እማማ አሉ?» ይላል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ፖስታ ነበር። አንዱም የእኔ አልነበረም። አንድ ሰው ተቸግሮ፣ እጁን አሳምሞ፣ ሁለት ሰው አገናኝቶ ሲያበቃ ሥራ አጥ ይደረጋል?

መጀመሪያ ጠጠሩን ልንገርሽ፣ እሷ ነግራሽ ይሆናል ግን እኔ አሳምሬ ነው የምነግርሽ። ጆንያውን ስንፈታው ያ ሽታ ወጣ። እኔ ወደ ኋላ ሄድኩ። እናትሽ ግን እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ ገባችበት። አንዱን ጠጠር አንሥታ ልምጭልምጩን በጣቷ ዳሰሰችው፣ አገላብጣ አየችው። «እነዚህ ናቸው?» አለች። «እነዚህ ናቸው» አልኳት። «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለቻቸው። ለእኔ እንዲህ ያለ አቀባበል በዚህ ቤት ተደርጎልኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሕፃን እጁን ገንዳው ላይ ካደረገ «አትንካ፣ ይሠራሉ!» ብላ ከወጥ ቤት ትጮኻለች።

አትክልቱ ቢጫነቱን ተወ። አዲስ ቅጠል ይዟል። ዓሦቹ ከመታጠቢያ ቤት ወጥተዋል፤ የመጨረሻዋ ትናንት በባልዲ ተሸኘች። እኔም ከብዙ ጊዜ በኋላ በገዛ ቤቴ ገላዬን ታጠብኩ። የሞቱት ግን ሞተዋል፤ እናትሽ ታንከሩ መሳሳቱን በየጠዋቱ ታየዋለች። ይህን አልደብቅሽም።

ፖስታሽን ምን አደረገችው ብትዪ፦ ይዛው ገባች፣ በሯን ዘጋች። እኔ በኮሪደሩ በኩል በአጋጣሚ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ ፖስታ የመቅደድ ድምፅ። ከዚያ አፍንጫ የመናፈጥ ድምፅ። ከዚያ ሳቅ! እህቴ ለብቻዋ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። ምን ብለሽ ነው የጻፍሽላት? «አንተን የሚመለከት ነው» ብላኛለች፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልወጣትም።

ስለ ውሉ ለማወቅ ያልሞከርኩት የለም። በቀጥታ ጠየቅኳት፤ «ፊትህን ታጠብ» አለችኝ። በተዘዋዋሪ «ያ ሐይቅ ዳር ክረምቱን ይበርዳል ይሆን?» አልኳት፤ «እኔ በምን አውቃለሁ?» አለች። ፉጨትን ሻይ ጋበዝኩት፤ ሻዩን ጠጥቶ አፏጨ። ኅዳር አለቀ። ፈርማለች ወይስ አልፈረመችም እያልኩ ሬዲዮ ስጠግን ሽቦ አቀያይሬ የሰው ሬዲዮ አቃጠልኩ። ይህም በአንቺ ላይ ነው።

ዛሬ ጠዋት ግን ከሱቅ ስመለስ፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ መኝታ ክፍልሽ ውስጥ ቀስ በቀስ ያከማቸሁት ዕቃ በሙሉ፣ የሬዲዮ ሳጥኖቼ፣ ሽቦዎቼ፣ ያ ድምፅ ማጉያ፣ በረንዳ ላይ ተደርድሮ አገኘሁት። ገባሁ። እናትሽ መጋረጃውን አውርዳ አልጋውን በአንድ በኩል ይዛ ትጎትታለች።

«እትዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ቆመህ አትየኝ፤ በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

«ወዴት?»

«ወደ መስኮቱ። ጠዋት ስትነቃ ከአልጋዋ ሳትነሣ ገንዳዎቹን ማየት ትወዳለች።»

«ትወድ ነበር» አልኳት፣ አንድ ነገር ከወጣት ብዬ።

ቀና ብላ አየችኝ።

«ትወዳለች» አለች።

አልጋውን ያዝኩላት።

አጎትሽ፣
ከነዕቃው በረንዳ ላይ